የውሃ ማቀዝቀዣ ለኮምፒውተር የሚገጥሙ ወጣቶች ከግዢ በፊት ስሌት ይሥሩ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር በመገጣጠምና በመጠገን ሥራ ብዙ ዓመታት ያሳለፍኩ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፉት ወራት ወደ ጥገና ቤቴ የመጡ ሦስት ኮምፒውተሮች ናቸው። ሦስቱም ከባድ ጨዋታ ለመጫወት የተገጣጠሙ ሲሆኑ፣ ባለቤቶቻቸው ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝተው በገዛ እጃቸው የውሃ ማቀዝቀዣ ዘርግተውላቸው ነበር። በአንደኛው የፕሮሰሰሩ ብሎክ (በኮምፒውተሩ ዋና የስሌት ቺፕ ላይ የሚታሰረው፣ ውሃ የሚያልፍበት ብረት) ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቦዮች፣ በቦይለር ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ድንጋይ ባለ ቅርፊት ተደፍነዋል። በሁለተኛው ራዲያተሩ ከውስጥ ተበልቶ ውሃው ግራጫ ዝቃጭ ሆኗል። ከሦስተኛው መጋጠሚያ ያፈሰሰው ውሃ ደግሞ ምስሉን በሚያዘጋጀው ግራፊክስ ካርድ ላይ ወርዶ ካርዱን አቃጥሎታል። ወጣቶቹ ትጉሃን ናቸው፤ ገንዘባቸውን በብዙ ድካም አጠራቅመዋል፣ ቪዲዮ እያዩ ተምረዋል። ይሁን እንጂ ሦስቱም ዕቃ መግዛት የጀመሩት ምን እንደሚያስፈልጋቸው በወረቀት ላይ ሳያሰፍሩ ነው።

ወጣቶቹ ሉፕ የሚሉት ይህ ዑደት አሠራሩ ከመኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ብዙም አይለይም። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ላይ ከመዳብ የተሠራ ብሎክ ይታሰራል፤ ፓምፕ የሚገፋው ውሃ በብሎኮቹ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀታቸውን ተቀብሎ ወደ ራዲያተር ይወስዳል፤ በዚያም ፋኖች በሚነፉት አየር ቀዝቅዞ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ፍላጎታቸውን ቅንጦት ነው ብዬ አላጣጥለውም። በአንድ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ከታናናሾቹ ጋር የሚኖር ልጅ ሌሊት ኮምፒውተሩን ሲያሠራ የፋኑ ጩኸት ቤተሰቡን ከእንቅልፍ ያስነሣል፤ በሚገባ የታቀደ ሉፕ ያንን ጩኸት እጅግ ዝቅ ያደርገዋል። ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ደንበኞቼም ከዚህ ጥቅም ሲያገኙ አይቻለሁ።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ስንት ዋት ሙቀት መውጣት አለበት ከሚለው ጥያቄ ነው። የእህቴ ልጅ ይህንኑ ሥራ ልጀምር ብሎ ሲያማክረኝ በመጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ እንዲያመጣ ነገርኩት። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3080 በመሆኑ 320 ዋት እንዲወስድ የተሠራ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 7 5800ኤክስ ደግሞ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እስከ 142 ዋት ይደርሳል። ድምሩ 462 ዋት ነው። እነዚህ ክፍሎች የበሉት ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ፣ ራዲያተሩ የሚሸከመው ጭነት ይኸው ነው። በሙያው የቆዩ ሰዎች ፋኖቹ በዝግታ እየዞሩ ጸጥታ እንዲኖር ለሚፈልግ ሰው የሚሰጡት የግምት ልክ፣ ባለ 120 ሚሊ ሜትር አንድ የፋን ቦታ ወደ 100 ዋት ያስወጣል የሚል ነው። በዚህ ልክ የእህቴ ልጅ አምስት የፋን ቦታ፣ ማለትም አንድ ባለ 360 (ሦስት ፋን የሚይዝ) እና አንድ ባለ 240 (ሁለት ፋን የሚይዝ) ራዲያተር ይበቃዋል ማለት ነው፤ እርሱም ከቪዲዮ ያገኘው ምክር ይኸው ነበር።

ነገር ግን ያ ምክር በአብዛኛው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላሉ ከተሞች ለሚኖሩ ሰዎች የተሰጠ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በባሕር ዳርቻ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ እኛ ዘንድ የሚመዝነው 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርና ያንኑ ያህል ሜትር ኩብ አየር ቢገፋም፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው የአየሩ ክብደት በሩብ ያህል ይቀንሳል። የራዲያተሩ አቅም ልክ በዚያው መጠን ይቀንሳል ባይባልም፣ ለዕቅድ ሲባል እንደዚያ አድርጎ መቁጠሩ ከጸጸት ያድናል። ስለዚህ የ462 ዋቱን ጭነት ለእያንዳንዱ የፋን ቦታ 75 ዋት ብለን ስናካፍለው ወደ ስድስት ቦታ ይደርሳል፤ የእህቴ ልጅም ሁለት ባለ 360 ራዲያተር የሚይዝ ኬዝ (የኮምፒውተር ሣጥን) መፈለግ ነበረበት። ራዲያተር ሳይጨምሩ ፋኑን በኃይል ማዞር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ሰውዬው ገንዘቡን ያወጣበት ጸጥታ ይጠፋል። ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ የወጣ ሾፌር ራዲያተር የሚፈተነው በአቀበት እንደሆነ ያውቃል፤ እኛ ደግሞ ዘወትር ከአቀበቱ አናት ላይ የምንኖር ሰዎች ነን።

የከተማችን አየር በሌላ በኩል ይክሰናል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆንና ዑደቱ በደንብ ቢታቀድ፣ የውሃው ሙቀት ከክፍሉ በ10 ወይም በ12 ዲግሪ ብቻ ስለሚበልጥ ከ34 ዲግሪ አያልፍም። ድሬዳዋ የሚኖር ወጣት ከፍታው ከእኛ በግማሽ ያህል ስለሚያንስ አየሩ ይወፍርለታል፤ ሆኖም ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 35 ዲግሪ ሲደርስ ውሃው ከ45 ዲግሪ በላይ ይሆንበታል። በብዛት የሚሠራበት ዲ5 የተባለው ፓምፕ ከ60 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውሃ አልተሠራም፤ ፒኢቲጂ ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራው ጠንካራ ቱቦም በዚያው ሙቀት አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። በሞቃት አገር የሚኖር ሰው ይህን ኅዳግ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ስለ ክፍሎቹ ቅደም ተከተል ደንበኞቼ አብዝተው ይጨነቃሉ፤ ውሃው ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ቢገባ ካርዱ የሚጎዳ ይመስላቸዋል። ውሃ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ትልቅ ስለሆነ፣ በደቂቃ 4 ሊትር በሚዞርበት ዑደት 462 ዋት ሙሉውን ቢቀበል እንኳ በአንድ ዙር የሚጨምረው ከ2 ዲግሪ በታች ነው። መጠበቅ ያለበት ሥርዓት አንድ ነው፤ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በፊትና ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ፓምፑ ደረቁን ከዞረ ይበላሻልና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ እርሱ ነው። የወጣቱ ብሎኮች መዳብ ሲሆኑ፣ ራዲያተሩ ዋጋው ስለረከሰለት የገዛው አሉሚኒየም ነበር። ሁለቱ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የተበላውም ዝቃጭ ሆኖ የብሎኩን ቦዮች ይደፍናል። ኩላንት በሚባለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ውስጥ የሚጨመረው ፀረ ዝገት ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። መዳብ፣ ነሐስና ኒኬል የተቀባ መዳብ አብረው መኖር ይችላሉ፤ አሉሚኒየም የሚመርጥ ሰው ግን ከብሎኩ እስከ ራዲያተሩ፣ እስከ መጋጠሚያዎቹ ጭምር፣ ሁሉንም አሉሚኒየም ማድረግ አለበት። ወጣቱን ራዲያተሩ ከምን እንደተሠራ ስጠይቀው አላወቀም፤ በካርቶኑም ላይ አልተጻፈም፤ ሻጩንም ደውሎ ሲጠይቀው ራዲያተር ራዲያተር ነው የሚል መልስ አገኘ።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ያበላሸው የቧንቧ ውሃ ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለበት፤ የቧንቧ ውሃን ማፍላትም ማዕድኑን ሁሉ አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረውን ያጠነክረዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖ እንደገና ውሃ በመሆን ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው፤ በእርሱም ላይ አልጌና ባክቴሪያ እንዳይራባ የሚከለክልና ዝገትን የሚያዘገይ ለዚሁ የተዘጋጀ ድብልቅ ይጨመርበታል። በመለዋወጫ ሱቆች የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው፣ በዕቃው ውስጥ ያለው ማዕድኑ የወጣለት ውሃ መሆኑን አስረግጦ ይጠይቅ፤ የባትሪ አሲድ ከሆነ መዳቡንም ሰውንም ያቃጥላል። የመኪና ኩላንት የሚሞሉም አሉ። አብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት በመሆኑ መርዛማ ነው፤ ጣዕሙም ስለሚጣፍጥ ሕፃናትና እንስሳት ባሉበት ቤት ውስጥ አደገኛ ነው።

ስለ ግዢው ደግሞ ከራሴ ቤተሰብ የደረሰውን ልናገር። አርቲኤክስ 3080 የሚለው ስም በብዙ አምራቾች ካርዶች ላይ ይገኛል፤ የውስጥ ሰሌዳቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ኮንዳንሰሮቹና ቀዳዳዎቹ ያሉበት ቦታ ይለያያል። የእህቴ ልጅ የካርዱን ስም ብቻ ጽፎ ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ ላከ፤ ዘመዱም ደክሞ ያመጣው ብሎክ በካርዱ ላይ አልቀመጥ አለ። ዕቃውን መልሶ ለመላክ የሚያስፈልገው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ስላገኘነው እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ብሎክ ከመታዘዙ በፊት የካርዱ ሙሉ የሞዴል ቁጥር ከብሎኩ አምራች ዝርዝር ጋር ይመሳከር። መጋጠሚያዎች በአብዛኛው ጂ አንድ አራተኛ የተባለው ጥርስ ስላላቸው ከብሎኩ ጋር ይስማማሉ፤ ከቱቦው ጋር ግን የሚስማሙት የውስጥና የውጭ ልኩ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ጥቂት ትርፍ ኦሪንግ (መጋጠሚያው እንዳያፈስ የሚያደርግ የጎማ ቀለበት) አብሮ ማስመጣትም ብልህነት ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ አንዱ ከጠፋ ግን ሥራው ለወራት ይቆማል። ኬዙም በሜትር ይለካ፤ ባለ 360 ራዲያተር ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱም ከፋኑ ጋር ወደ 55 ሚሊ ሜትር ይይዛል።

ለጀማሪ የምመክረው ለስላሳውን፣ ኢፒዲኤም የተባለውን ጥቁር የጎማ ቱቦ ነው። ጠንካራው ቱቦ ያማረ ቢሆንም በሙቀት ማጠፍ ልምድ ይጠይቃል፤ ቤት ሲቀየር ኮምፒውተሩ በመኪና ሲጓዝም መጋጠሚያውን ያናጋበታል። አዲስ ራዲያተር ከፋብሪካው የብየዳ ቅሪት ይዞ ስለሚመጣ በሞቀ ውሃ ደጋግሞ፣ በመጨረሻም በዲስቲልድ ውሃ መታጠብ አለበት።

ሦስተኛውን ኮምፒውተር ያቃጠለው ፍሳሽ የአንድ ቀን ትዕግሥት ቢኖር አይደርስም ነበር። ውሃው ከተሞላ በኋላ ፓምፑ ብቻ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ተደርጎ፣ ማዘርቦርዱም (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ግራፊክስ ካርዱም ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ተነቅለው፣ ዑደቱ ለ24 ሰዓት መዞር አለበት። ይህም የሚሆነው በፓወር ሰፕላዩ ትልቁ መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በማገናኘት ነው፤ በአንዳንድ አዳዲስ ዕቃዎች ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ስለሆኑ ለዚሁ የተሠራውን ትንሽ ማገናኛ መጠቀም ይሻላል። በየመጋጠሚያው ሥር ነጭ ሶፍት ይነጠፍ፤ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ይታያል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ስለሚቆም፣ የጠፋበት ሰዓት ከ24ቱ ላይ አይቆጠር። ዲስቲልድ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም በሚል የሚዝናኑ አሉ፤ ውሃው ከብረቱና ከአቧራው ጋር እንደተገናኘ ግን ያ ባሕርዩ ይጠፋል።

ሥራ ከጀመረ በኋላ የፓምፑ የዙር መለኪያ ሽቦ በማዘርቦርዱ ላይ ለፕሮሰሰር ፋን በተዘጋጀው ቦታ ቢሰካ፣ ፓምፑ ቆሞ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከዑደቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የማፍሰሻ ቫልቭ ይኑር፤ ውሃው በየዓመቱ ሲቀየር ኬዙን መገልበጥ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሉፕ እንደማያስፈልጋቸው በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ለምሳሌ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ለጨዋታ እጅግ ጥሩ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ የተመደበለት ሙቀት 120 ዋት ነው። ሙቀቱ የሚወጣው ከጠባብ ቺፕ ስለሆነ የሚታነቀው ገና ከቺፑ ወደ ብሎኩ ሲሻገር ነው፤ ራዲያተር በራዲያተር ላይ ቢደረደር የሚገኘው ለውጥ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃዋል፤ የተረፈው ገንዘብም ለግራፊክስ ካርዱ ቢውል ጨዋታው በግልጽ ይሻሻላል። ይህን በመናገሬ ሥራ ያጣሁበት ጊዜ አለ፤ ቢሆንም ደንበኛው ሳያውቅ እንዲከፍል አልፈልግም።

ክቡር አዘጋጅ፣ በጋዜጣዎ በኩል ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አስመጪዎችና ባለ ሱቆች በሚሸጡት እያንዳንዱ ራዲያተርና ብሎክ ላይ የተሠራበትን ብረት በአማርኛ ጽፈው ይለጥፉ፤ በደረሰኙም ላይ ያስፍሩት። የቴክኖሎጂ ዓምድዎ ደግሞ ይህን መሰል ሥራ ለአገራችን ከፍታ፣ ውሃና የመብራት ሁኔታ በሚስማማ ልክ የሚያስረዱ ጽሑፎችን ያስተናግድ፤ ለዚህም የስሌት ወረቀቶቼንና ከተበላሹት ዕቃዎች ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች ያለ ክፍያ ለዝግጅት ክፍልዎ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ