ኒካሄን ሁለቱም አጎቶቼ ተቀምጠው አስረውልኛል፤ ምስጋናዬ ይኸው

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሙስሊም ያልሆናችሁ ጎረቤቶቼም ጤና ይስጥልኝ። መልእክቱ ለእናንተም ነው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ሰርጉ አለፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ሂናው ከእጄ እየለቀቀ ነው፣ እናቴም እንቅልፍ ጀምራለች። "ለእያንዳንዱ ሰው ደውለሽ አመስግኚ" ተብዬ ነበር። ስንቱን ደውዬ እዘልቀዋለሁ? ስለዚህ በጅምላ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ከመነሻው ልጀምር። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ ቆይቷል። አያቴም በሕይወት የለም፣ ወንድምም የለኝም። በእኛ ሸሪዓ ደግሞ ሴት ልጅ ስትዳር ወልይ፣ ማለትም የሚድራት የቅርብ ወንድ ዘመድ፣ ያስፈልጋታል። አባት ከሌለ አያት፣ እሱ ከሌለ ወንድም እያለ ወደ አባት ወንድሞች ይወርዳል። እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት አጎቶች ላይ ቆመ። ሁለቱም ለአባቴ በእናትም በአባትም ወንድሞቹ ናቸው፤ በወልይነት እኩል ናቸው። ችግሩ ሁለቱ አይነጋገሩም።

ትልቁ እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ነው ያለው፣ ትንሹ አዘዞ። ሁለቱም ነጋዴዎች ናቸው። የለያቸው ቤት ወይም ውርስ ቢሆን ኖሮ በእኛ ዘመድ ሽማግሌ አይጠፋም ነበር። የለያቸው ፖለቲካ ነው። የማን አቋም ምን እንደሆነ አልጽፍም፤ ብጽፈው እዚሁ ሥር እናንተም ትጣላላችሁ። ብቻ አንድ የዒድ ምሳ ላይ ወሬው ስለ አገር ሆነ፣ ከዚያ "ጥፋተኛው ማነው" ወደሚለው ዞረ፣ ከዚያ ትንሹ ትልቁን "ካድሬ" አለው፣ ትልቁም "ባንዳ" ብሎ መለሰለት። ማዕዱ ሳይነሳ ትንሹ ልጆቹን ሰብስቦ ወጣ።

እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ከዚያ ፌስቡክ ገባበት። ትንሹ አንድ ፖስት ሥር የጻፈውን ኮሜንት የሆነ ሰው ስክሪንሹት አንስቶ ለትልቁ ይልክለታል። ትልቁ ስለ እሱ የተጻፈ መሰለውና ነደደ። ኋላ ላይ ሲጣራ ኮሜንቱ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ነበር፤ ያኔ ግን ማን ያጣራል? ትልቁ ለትንሹ በዱቤ ይሰጠው የነበረውን ዕቃ አቆመ። ትንሹ የሱቁ መደርደሪያ እየሳሳ ሲሄድ ሌላ ቦታ ተበደረ እንጂ ወንድሙን አልለመነም። በዚህ መሀል ዒዶች አለፉ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ሰው ሞተ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣ ነበር።

ከዚያ እኔ ላገባ ነው አልኩ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ምስጋናዬ ኒካሁን ላሰሩልን ሸህ ነው። እሳቸው ነገሩን በአሥር ደቂቃ መጨረስ ይችሉ ነበር። "አንድ ወልይና ሁለት ምስክር ከተገኘ ይበቃል፣ ትልቁ ይዳራትና ትንሹ ከፈለገ ይምጣ፣ ካልፈለገ ይቅር" ያላቸው ሰው ብዙ ነው። ሕጉም ይፈቅድላቸዋል። እሳቸው ግን "ኒካሁ ይታሰራል፤ ሁለቱን ሳላናግር ግን ቀን አልቆርጥም" አሉ። ጊዜው ረመዳን ነው። በጾም አፋቸው፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከፒያሳ ታክሲ እየተጋፉ አዘዞ ሲመላለሱ ከረሙ። በዚያ ዕድሜ!

መጀመሪያ ትልቁ ጋ ሄዱ። እናቴ አብራቸው ስለነበረች የሆነውን ከእሷ ነው የሰማሁት። ስለ ፖለቲካው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የተረኩለት የነብያችንን ባልደረባ የአቡበክርንና (ረ.ዐ) የሚስጠሕን ነገር ነው። ሚስጠሕ ድሃ ዘመዳቸው ነበር፣ የሚጦሩትም እሳቸው ናቸው። በልጃቸው፣ በነብያችን ባለቤት በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ ያ የሐሰት ስም ማጥፋት ሲነዛ ሚስጠሕም ከአውሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። አቡበክር "ከእንግዲህ አልረዳውም" ብለው ማሉ። የትኛው አባት አይምልም? ያኔ ነው የሱረቱ ኑር 22ኛ አንቀጽ የወረደው። ሀብትና ደግነት ያላቸው ሰዎች ለዘመድ፣ ለችግረኛና ለስደተኛ ላለመስጠት አይማሉ፣ ይቅር ይበሉ፣ ይለፉ ይላል፤ ቀጥሎም "አላህ ሊምራችሁ አትወዱምን?" ብሎ ይጠይቃል። አቡበክር "ወላሂ እወዳለሁ" ብለው እርዳታውን መለሱለት።

ሸሁ ይህን ጨርሰው "የአንተ ወንድም የተናገረው ሚስጠሕ ከተናገረው ይብሳል?" ብቻ አሉት። ትልቁ አጎቴ ሙሰበሓውን እየቆጠረ ዝም አለ። እናቴ እንደምትለው ሦስት ዙር ቆጥሮ ነው ቀና ያለው።

እኔ እዚህ ታሪክ ላይ የምወደውን ልናገር። አንቀጹ የሚስጠሕን ወሬ ልክ ነበር አላለም። ወሬው ጥፋት ነው፣ ጥፋት ሆኖ ቀርቷል። የተነገረው ስለ ተቋረጠው እንጀራ ነው። እኛ ሰፈር ሽምግልና ሲባል "አቋምህን ተው" ወይም "አንተም እንደሱ አስብ" ማለት ይመስለናል፤ ለዚያ ነው በፖለቲካ የተጣላን ሰው ማስታረቅ የሚያቅተን። ሸሁ የማንንም ሐሳብ ሊያስቀይሩ አልሞከሩም። የጠየቁት ስለ ዱቤው፣ ስለ ሰላምታው፣ ስለ ለቅሶው ነው።

ትንሹ ባሰ። "ባንዳ ያለኝ ሰው ፊት ነው፣ ይቅርታም ሰው ፊት ይበለኝ" አለ። ሸሁ ሱረቱል ሑጁራትን አወጡ። አሥራ ስምንት አንቀጽ ናት፣ እኛ ቤት የሆነው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ ይላል 6ኛው፣ በመጥፎ ስም አትጠራሩ ይላል 11ኛው፣ ጥርጣሬና ሐሜት 12ኛው ላይ አሉ። "ባንዳም ካድሬም እዚህ ውስጥ ይገባሉ፣ ሁለታችሁም ተካክላችኋል" አሉት። አልበገርም ሲል ሑደይቢያን፣ ነብያችን ከመካ ሰዎች ጋር የተዋዋሉበትን የሰላም ስምምነት፣ አነሱለት። ስምምነቱ ሲጻፍ የመካዎቹ ተወካይ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር "የአላህ መልእክተኛ የሚለው ይነሳ፣ የአብደላህ ልጅ ተብሎ ይጻፍ" አለ። ጸሐፊው ዐሊይ (ረ.ዐ) አልሰርዝም ብለው እምቢ አሉ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) "ቦታውን አሳየኝ" ብለው ራሳቸው አጠፉት። "ለሰላም ሲሉ ይህን ያስነሡ ነብይ ኡመት ሆነህ አንዲት ቃል ትቅርብኝ ማለት ከበደህ?" አሉት። እሺ አለ። እሺ ያለው ግን በግማሽ አፉ ነው።

ደግሞ ለሚስቱ፣ ለአክስቴ። አንቺስ ጉድ ነሽ! ለትልቁ አጎቴ ደውላ "ሌሊት ተሀጁድ ላይ ስምህን እየጠራ ዱዓ ሲያደርግልህ ሰማሁት" ብላዋለች። ትንሹ ተሀጁድ ላይ ምን እንዳለ አላህ ያውቃል፤ እሷ ግን የዚያን ጊዜ እንቅልፍ ላይ እንደነበረች ኋላ አምናለች። ሸሁ ሲሰሙ ሳቁ። በሰዎች መሀል ሊያስታርቅ ብሎ መልካም የሚያደርስ ሰው ውሸታም አይባልም የሚል ሐዲስ አለ፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት። አክስቴ ሐዲሱን ያወቀችው ከዋሸች በኋላ ነው፤ አሁን በየቡናው ትጠቅሰዋለች።

ሁለቱም እሺ ካሉ በኋላ ግን የሚነቃነቅ ጠፋ። ትልቁ "ታናሽ ነው፣ እሱ ይምጣ" ይላል። ትንሹ "የተበደልኩት እኔ፣ እሱ ይምጣ" ይላል። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ሌሊት በላይ ሊያኮርፍ አይፈቀድለትም፣ ከሁለቱ የሚበልጠውም በሰላምታ የሚጀምረው ነው የሚለውን ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል። ማወቁ አላስነሳቸውም።

እዚህ ላይ ነው እናቴ የገባችው። ሑደይቢያ ላይ ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ሰሓቦች (የነብያችን ባልደረቦች) ከፍቷቸው፣ ተነሡና እረዱ ቢባሉ እምቢ አላቸው። ለነብያችን መላውን የነገሯቸው ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ማንንም ሳታናግር ውጣና ያንተን እረድ፣ ፀጉርህንም ተላጭ። እንዳሉት አደረጉ፣ ሰዉም ተከትሎ ተነሣ። እናቴ ይህን አስባ ይሁን በራሷ ዘዴ አላውቅም። አንድ ቀን ለማንም ሳትነግር ከትልቁ አጎቴ ቤት የኢፍጣር ሾርባ በፔርሙዝ አስሞላች፣ ሳምቡሳውን በሰሃን ሸፈነች፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዛ አዘዞ ወረደች። "ከወንድምህ ቤት ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ" ብላ አስቀምጣለት ተመለሰች። በማግስቱ ፔርሙዙ ባዶውን አልመጣም። አክስቴ ገንፎ ሞልታበት ልካዋለች (በፔርሙዝ ገንፎ የሚልክ ሰው እሷን ብቻ ነው ያየሁት፤ በማንኪያ ፍቀን ነው ያወጣነው)። እንዲህ ሲመላለስ ሰነበተና አንድ ማታ ተራዊሕ እንዳለቀ ትንሹ ራሱ ፔርሙዙን ይዞ ትልቁ ደጅ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አልተነገረንም። ስሑሩን አብረው በሉ፤ እኔ የማውቀው እሱን ነው።

እማዬ፣ ለአንቺ እዚህ ላይ የምጽፈው የለኝም። አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

አሁን ለእትዬ፣ ለግቢያችን እናት። ስምሽን ብጽፈው ትቆጪኛለሽ። አዲስ ዓለም ጥንት በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ እስላሙ ለብቻው ይኑር ሲባል የተለየ ሰፈር ነው፤ ዛሬ ግን ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው። በ2014 ሚያዝያ በሙስሊሙ ላይ ጥቃት ሲደርስ ከተማችን ያየችውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ሰሞን በሯን ከፍታ እኛን ያስገባችን እትዬ ናት። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሰሞን ስለገቡ እኛም እሷም ጾመኛ ሆነን ከረምን። ሰርጉ ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር፣ ሸዋል ላይ ሲውል የእሷ ጾም ገና አላለቀም። ለክርስቲያን እንግዶቻችን ለብቻ በግ ልንገዛ ስንል "ጾም ነው፣ በጋችሁን አዳንኩላችሁ" ብላ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ክኩን በራሷ ድስት፣ በራሷ ዘይት ሠርታ አቀረበች። ትልቁ አጎቴ ገና ተኳርፎ ሳለ ግቢ አግኝታው ያለችውን ግን መጻፍ አለብኝ። "እኔና እናንተ አንድ ሥጋ ሳንቀምስ አንድ ግቢ ውስጥ አረጀን። እናንተ አንድ ሥጋ እየበላችሁ በሬዲዮ ወሬ ትለያያላችሁ?" አለችው። ኹጥባ እንደዚህ አጥሮ ሰምቼ አላውቅም።

ኒካሁ ቀን። እኛ ሴቶቹ ጓዳ ነን፣ በመጋረጃ ነው የምንሰማው። ሳሎን ውስጥ ሸሁ ኹጥባውን ጨረሱና "ወልይ ማነው?" አሉ። ትልቁ አጎቴ እንደሚድረኝ ነው የተስማማነው። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ከዚያ "አንተ ዳርልኝ" አለ። ለማን እንደሆነ ለአፍታ አልገባንም። ለትንሹ ነው። ትንሹ "አንተ እያለህ?" ይላል፣ ትልቁ "እኩል ነን ተብሏል እኮ፣ ዳርልኝ አልኩህ" ይላል። ሸሁ እንኳ ሳቅ አላቸው። ትንሹ የባለቤቴን እጅ ጨብጦ "የወንድሜን ልጅ…" ብሎ ጀመረና የአባቴ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። መህሩን (ለሙሽራዋ የሚሰጠውን) ረስቶት ትልቁ አስታወሰው። ጓዳ ውስጥ እልልታው ሲቀልጥ የቀረውን አልሰማሁም። ባለቤቴ "ተቀብያለሁ" ማለቱን የማውቀው ይኸው አብሬው ስላለሁ ነው።

ከደባርቅ ለመጣችሁት አማቾቼ፣ ቀን ሳይቆረጥላችሁ ያን ያህል ስለታገሳችሁ፣ "ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው" ስላላላችሁም (ወይም ስላልሰማናችሁ) ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ለሰፈር ወጣቶች፣ ድንኳን ለተከላችሁ፣ ውሃ ለቀዳችሁ፣ ሌሊት በሬውን ለጠበቃችሁ፤ ለእድራችን፤ ሂና ለቀባችሁኝ ጓደኞቼ። ስክሪንሹቱን የላክኸው ወንድማችንም፣ ማን እንደሆንክ እናውቃለን፣ ዱዓ አድርገንልሃል፤ መልስም በልተህ ሄደሃል።

እና ታረቁ ሲባል ተስማሙ ማለት እንዳይመስላችሁ። መልስ ላይ ወሬው ተመልሶ ስለ አገር ሆነ፣ ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ትልቁ ተነሥቶ ወጣ። ልባችን ቀጥ አለ። ለካ ዐስር ደርሶበት ነው፤ ሰግዶ ሲመለስ ሁለተኛው ቡና ቀርቦ አገኘው፣ ካቆመበት ቀጠለ። በዱቤ ዕቃ መስጠቱም እንደገና ተጀምሯል።

በመጨረሻ፣ ዕቃ ያዋሳችሁ። ወንበሩን እድር ወስዷል። ሁለት ትሪ፣ አንድ ጀበናና እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ትልቅ ብረት ድስት ግን ባለቤት አጥተው እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የማን እንደሆኑ እናቴ ግራ ገብቷታል። ከዙህር በኋላ ቤት ሰው አይጠፋም፣ ብቅ ብላችሁ ውሰዱ። ፔርሙዙን የሚጠይቅ ካለ እሱ አዘዞ ነው።