ይድረስ ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ ኃላፊ፦ የበደለው ሰው ራሱ ይናገር

ክቡር የቢሮ ኃላፊ፣

በእኛ አገር ሰው ሲገደል ነገሩ ሁለት ቦታ ይታያል። አንዱ ፍርድ ቤት ነው። ሌላው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም የዋርካ ጥላ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ችግሩ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። በመሃል የሚወድቅ ነገር አለ፤ የምጽፍልዎትም ስለ እሱ ነው።

መምህር ነኝ፤ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ። ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ የዕርቁን ውል እንድጽፍ ይጠሩኛል። ሽማግሌ አይደለሁም። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ የሚሉኝን እጽፋለሁ። ዳር የተቀመጠ ሰው ግን ብዙ ያያል።

አንዱን ልንገርዎት። ሟች በእርሻ ድንበር ጠብ የሞተ ሰው ነው። ገዳዩ ተይዟል፣ ተከሷል፣ ተፈርዶበታል። ለዕርቁ የመጡት አባቱ፣ ወንድሞቹና አጎቱ ናቸው። አባትየው አርጅተዋል። ጫማቸውን አውልቀው፣ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው፣ ከሩቅ ጀምረው እየወደቁ እየተነሡ መጡ። «አጥፍተናል፤ ስለ እግዚአብሔር ማሩን» ይላሉ። የሟች ወገን ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ካህኑ መስቀል ይዘው መሃል ቆመዋል። ልመናው ብዙ ሰዓት ወሰደ። በመጨረሻ የሟች ወንድሞች እሺ አሉ። ካሳው ተቆረጠ፤ መስቀል ተሳለሙ።

ያኔ የሟች ሚስት ተናገረች። ከል ለብሳለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቃል አልወጣትም ነበር። «እኔ በካሳው ነገር የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሲወድቅ ምን አለ? ውሃ ጠየቀ ወይ? የልጆቹን ስም ጠራ ወይ?» አለች።

የሚመልስላት ጠፋ። ሽማግሌው አባት አንገታቸውን ደፉ። ምን ይበሉ? እሳቸው እዚያ አልነበሩም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማረሚያ ቤት ነው። ችሎት ፊት ቀርቦ «ድርጊቱን አልፈጸምኩም» ብሎ ተከራክሯል። ምስክር ተሰማበት፣ ተፈረደበት፣ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለዚያች ቀን የጠየቀው ሰው የለም። ውሉን ጽፌ ጨረስኩ። የሴትዮዋ ጥያቄ በውሉ ላይ የለም። የት ይገባል?

ክቡር ሆይ፣ ችሎት ላይ መካዱን አልወቅስም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ማንም ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። ትክክል ነው። ይህ መብት ባይኖር ኖሮ በዱላ ስንት ንጹሕ ሰው ባመነ ነበር። የእኔ ጥያቄ ፍርዱ ከጸና፣ ይግባኙም ካለቀ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ያኔ የሚጠብቀው ክርክር የለም። ዓመታት አሉት። እነዚያን ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ እንዲህ ነበር የሆነው» ሳይል ሊጨርሳቸው ይችላል። ቅጣቱን ጨርሷል እንላለን። ጥፋቱን ግን ለባለቤቶቹ አልነገራቸውም።

በሌላ በኩል አባቱና ወንድሞቹ ያልሠሩትን «አጥፍተናል» ብለው ድንጋይ ይሸከማሉ። በሬ ሸጠው ካሳ ይከፍላሉ። የሠራው ዝም ይላል፤ ያልሠራው ይናዘዛል። ይህ ነገር ለእኔ እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በፍትሐ ነገሥት ዘመን ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር። ዘመድ ቢፈልግ ይገድለዋል፤ ቢፈልግ የደም ዋጋ ይቀበላል። አውጫጭኝም ነበር። ወንጀለኛው ካልታወቀ አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይበተንም፤ ካልታወቀም አገሩ በሙሉ ይከፍላል። ፖሊስ በሌለበት አገር ሰው ዝም እንዳይል የሚያደርግ ብርቱ ዘዴ ነበር። ግን ጥፋትን የዘር አድርጎ ማየትም ከዚያ ጋር አብሮ ቆየ።

የዚህን መዘዝ ጎጃም ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ደም መላሽ ብዙ ጊዜ ገዳዩን አይፈልግም። ገዳዩ ታስሯል ወይም በረሃ ገብቷል። የሚፈለገው የቤቱ ዓይን የሆነው ነው፤ የተማረው፣ ያረሰው የሚያምርለት፣ ሰው የሚወደው። ምንም ያላደረገ ሰው በወንድሙ ሥራ ይሞታል። በጠቡ ቀን ሌላ አገር የነበረ ሰው ይሞታል። የገዳይ ቤተሰብ ይህን ስለሚያውቅ መሬቱን ጾም አሳድሮ ይሰደዳል። እኔ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በደመኛ ማሳ በኩል ስለሚያልፍ ትምህርት ያቋረጠ አለ። ያ ልጅ የማንንም ደም አላፈሰሰም።

የእኛ ሰው መጽሐፍ ያከብራል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 «ኃጢአት የምትሠራ ነፍስ እርስዋ ትሞታለች፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ይላል። ካህናቱ ይህን በደም ዕርቅ ላይ ቢያነቡት እወዳለሁ። ሕጋችንም የሚለው ይህንኑ ነው። የወንጀል ኃላፊነት የግል ነው፤ በዝምድና አይወረስም።

ይህን ስል ግን ዘመድ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ገዳይን ጎተራ ሥር የደበቀ፣ ስንቅ ያቀበለ፣ በሐሰት «ያን ቀን ከእኔ ጋር ነበር» ብሎ የማለ ሰው የራሱ በደል አለበት። የሟች ወገንም ቢሆን አለበት። በለቅሶ ላይ አባት ለሞተበት ሕፃን «የአባትህ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር?» ብሎ የሚያንሾካሹክ ሰው የሚቀጥለውን ጥይት እያጎረሰ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘው «ወንድ አልወለደም» የሚሉም አሉ። በሠርግ ቤት ቀረርቶ ደግሞ ልጁ ስሙ ሳይጠራ ይሰደባል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ሲገድል የሚታሰረው እሱ ብቻ ነው። የጎተጎቱት ለቅሶ ደርሰው ይመለሳሉ። ሕጉ ሁሉንም አይደርስባቸውም፤ ሊደርስባቸውም አይችል ይሆናል። ቢያንስ ግን እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይወቅ። ያልደበቀ፣ ያልጎተጎተ፣ ያልማለ ሰው ደግሞ ነጻ ይሁን። አሁን ሁሉም ተጠያቂ ስለሆነ ማንም የሚያፍር የለም።

ወደ ሕጉ ልመለስ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 82 ቅጣት የሚያቀሉ ምክንያቶችን ሲዘረዝር እውነተኛ ጸጸትን ይጠቅሳል፤ ጥፋትን ማመንን፣ እጅ መስጠትን፣ ጉዳትን በተቻለ መጠን መካስን። አንቀጽ 202 ደግሞ ታራሚ በአመክሮ የሚፈታው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ፣ ጠባዩ ሲሻሻልና ካሳውን እንደ አቅሙ ሲከፍል ነው ይላል። ሕጉ ነገሩን አስቦታል ማለት ነው።

በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። የዕርቅ ወረቀት ለማቅለያ ይቀርባል፤ ለይቅርታ ማመልከቻም ይያያዛል። ወረቀቱ ላይ የሽማግሌዎች ፊርማ አለ፤ የካሳው ብር አለ። የገዳዩ ቃል የለም። አንዳንዴ ገዳዩ ዕርቁ መፈጸሙን የሚሰማው ከተፈጸመ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት የአባቱን በሬ መሸጥ ያሳያል፤ የእሱን ጸጸት አያሳይም። የወረቀቱ ጉዳይ የጊዜ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የይቅርታ ሰሞን ሲቃረብ የሟች ቤት በሽማግሌ ይጨናነቃል። እምቢ ያለች መበለት «ክፉ ሴት፣ ዕርቅ የማትወድ» ትባላለች። የተበደለችው እሷ ሆና ሳለ አስቸጋሪዋ እሷ ትሆናለች።

ሌላም አለ፤ ይህን ሽማግሌዎቻችን ቢቀየሙኝም እናገራለሁ። ክሱ ገና ሳይሰማ ዕርቅ ይጀመርና ምስክሩ «አላየሁም» እንዲል ይለመናል። «አገር ይታረቅ ብለን ነው» ይባላል። ምስክር ሲቀር ክሱ ይወድቃል፤ ገዳዩም ሰው እንዳልገደለ ሆኖ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። ያ ዕርቅ ነው ብዬ ውል አልጽፍም።

የገዳይና የሟች ቤት የሚገናኙበት አንድ ቀን ደግሞ አለ፤ የመፈቻው ቀን። ለተራ የሰው ግድያ ሕጋችን በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። 15 ዓመት የተፈረደበት ሰው በአመክሮ 10 ዓመት ላይ ሊወጣ ይችላል። አባቱ ሲሞት 5 ዓመቱ የነበረው ልጅ በዚያ ጊዜ 15 ይሞላዋል። ጉትጎታው ጆሮው የሚገባበት ዕድሜ ነው። ቤተሰቡ የሰውየውን መፈታት የሚሰማው ብዙ ጊዜ ቢቸናም ይሁን ሞጣ፣ ገበያ መሃል ፊት ለፊት ሲገጥመው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እህል ሊሸጥ የወጣ ሰው የወንድሙን ገዳይ ድንገት ሲያይ ምን እንደሚሰማው እስቲ ያስቡት።

እንግዲህ የምጠይቅዎት ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት፣ ፍርዱ የጸናበት ታራሚ ፈቃደኛ ከሆነ ሽማግሌና የንስሐ አባት ባሉበት የሟችን ቤተሰብ የሚያገኝበት፣ ወይም ቃሉን የሚልክበት ሥርዓት ይበጅ። ከማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ክፍልና አንድ ቀን መመደብ ብዙ በጀት አይፈልግም። ግዴታ አይሁን። በግድ የወጣ «አጥፍቻለሁ» ለማንም አይጠቅምም። እዚያ የሚናገረው ነገር ዞሮ ሌላ ክስ እንዳያመጣበትም በጽሑፍ ዋስትና ይሰጠው፤ ካልሆነ ማንም አይናገርም። የሟች ቤተሰብም ልስማ ካለ ይስማ፤ አልፈልግም ካለ ማንም አይለምነው። ከዚያች ሴት ጋር ደግሜ ተነጋግሬያለሁ። «ይቅር ልበለው አልበለው አላውቅም፤ መጀመሪያ ይንገረኝ» ነው ያለችኝ። መብቷ ይመስለኛል።

የዕርቅ ወረቀት ለአመክሮም ሆነ ለይቅርታ ሲቀርብ የታራሚው የራሱ ቃልና ፊርማ ይኑርበት። ካሳውን ማን እንደከፈለው ይጠየቅ። በማረሚያ ቤት ሽመና፣ እንጨት ሥራ፣ ግንባታ የሚሠሩ ታራሚዎች አሉ። ትንሽም ብትሆን ከራሱ ላብ የወጣች ብር ለሟች ልጆች ደብተር መግዣ ብትደርስ ከአባቱ በሬ ይልቅ ትርጉም አላት።

ከመፈታቱ በፊት የሟች ቤተሰብ በቀበሌ በኩል ይነገረው። ሽማግሌዎችም ያኔ በጊዜ ይግቡ። የት ይኖራል፣ የትኛው ገበያ ይወጣል፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል የሚለው ሁሉ ሳይወጣ ይነገር። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ፤ በእኛ አገር ግን ሰው የሚሞተው በነዚህ ነው።

የወረዳ ዐቃቤ ሕጎችም ከሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ይበሉ። ደም ማድረቅ ምስክር ማስቀረትን እንደማይጨምር በግልጽ ይነጋገሩ። የሚሰሙ ሽማግሌዎች አሉን። እስካሁን የሚያናግራቸው አላገኙም።

«በዚህ ጊዜ ይህ ይነሣል ወይ?» እንደሚሉኝ እገምታለሁ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ነው። ጎጃም ውስጥ ያልተነካ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ችሎት እንደ ልብ የማይሰየምበት ወረዳ አለ። እኔ ግን ይህን ያነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ነገ ተኩሱ ሲቆም በየመንደሩ «የእኔን ልጅ ማን ገደለው? ለምን?» የሚሉ እናቶች ይኖራሉ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ማፈላለግን፣ ተጠያቂነትን፣ ማካካሻን፣ ዕርቅንም ይዟል፤ ለባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችም ቦታ ይሰጣል። ጥሩ። በአንድ ድንበር ጠብ አንድ ሰው ገድሎ የተፈረደበትን ሰው «ምን ሆነ፣ ተናገር» ማለት ካልለመድን፣ መሣሪያ ይዞ በቡድን የገደለውን፣ ትእዛዝ የሰጠውንና ዝም ብሎ ያየውን ከየት ጀምረን እንጠይቃለን? በትንሹ እንጀምር።

እኔ በበኩሌ የጀመርኩት ነገር አለ። አብሬያቸው የምሠራ ሽማግሌዎች ከእንግዲህ የታሰረው ሰው ቃል ሳይመጣ ውል አናጽፍም ብለው ተስማምተዋል። ይህንኑ ለመጠየቅ አንድ ማረሚያ ቤት ሄደው ነበር። በር ላይ የነበረው ጥበቃ በአክብሮት ነው ያነጋገራቸው፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያስገባ መመሪያ ግን እንደሌለው ነግሯቸዋል። ልጁ እውነቱን ነው። መመሪያው ከእርስዎ ቢሮ ነው የሚጀመረው።

የሚቀጥለው የይቅርታ ዝርዝር ከመዘጋጀቱ በፊት መልስዎን እንጠብቃለን። ሽማግሌዎቹን ማነጋገር ከፈለጉ ባሕር ዳር ድረስ እንመጣለን፤ መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሰማን ሰው ይላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም