ለልጄ፣ ማኮን ካውንቲ፣ አላባማ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? «አባዬ፣ እዚህ ከጫካ በቀር ምንም የለም» ስትዪኝ ሳቄ መጣ። ጫካው ራሱ ታሪክ አለውኮ! (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

መሬቱ ክሪክ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነበር። በ1832 በስምምነት ስም ተወሰደባቸው። ከዚያ ጥጥ መጣ፤ በባርነት የተያዙ ጥቁሮችም አብረው መጡ። ባርነት ሲቀር መሬቱ ከጥጥ እርሻ ባለቤቶቹ እጅ አልወጣም። ነፃ የወጣው ሰው ጭሰኛ ሆነ። ዘሩንም ቀለቡንም በዱቤ ይወስዳል፤ ምርት ሲደርስ ዕዳው ይቀድመዋል። አበዳሪው ደግሞ የሚፈልገው ጥጥ ብቻ ነው። ያው ማሳ ዓመት ከዓመት ጥጥ እየተዘራበት አፈሩ ተሟጠጠ፤ የቀረውን ጎርፍ ጠረገው።

ጥቁሩ የእርሻ ሳይንቲስት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በ1896 እዚያው ካውንቲ ያለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ታስኪጊ (የዛሬው ዩኒቨርሲቲ) ሊያስተምር ሲገባ ያገኘው ይህንን ነው። «ኦቾሎኒ ዝሩ፣ አፈሩን ይክሳል» እያለ አስተማረ። ገበሬው ትምህርት ቤት መምጣት ስላልቻለ፣ በ1906 ትምህርቱን በጋሪ ጭነው ላኩለት። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በዱቤ የሚኖር ሰው የሚዘራውን አይመርጥም። በ1930ዎቹ መንግሥት የደከመውን መሬት ገዝቶ ዛፍ ተከለበት። የታስኪጊ ብሔራዊ ደን የሚባለው ያ ነው፤ 11 ሺህ ኤከር ገደማ ይሆናል።

ሌላው፣ ሰው ቢጠራጠርሽ አትቀየሚ። ከ1932 እስከ 1972 የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት በዚያው ካውንቲ 600 ጥቁር ወንዶችን ለጥናት ይዞ ነበር። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጧቸውም። እና እንስሳት ልታክሚ ክትባት ይዘሽ ከብት በረት ስትገቢ ባለቤቱ ሦስቴ ቢጠይቅሽ፣ ሦስቴም መልሺለት።

ዛሬ የካውንቲው ሕዝብ 20 ሺህ አይሞላም። ዋናው እንጀራ ዩኒቨርሲቲው፣ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታልና የመንግሥት ሥራ ነው። አይ-85 የሚባለው አውራ ጎዳና ሞንትጎመሪን ከአትላንታ እያገናኘ ያቋርጠዋል፤ መኪናው ግን ያልፋል እንጂ እምብዛም አይቆምም።

ለእኛም ባዕድ ቦታ አይደለም። በ1935 ጣሊያን ሲወረን አየር ኃይላችንን የመራው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን መካኒክነት የተማረው እዚያው ታስኪጊ ነው። ያረፈውም አዲስ አበባ ነው።

ለገና እመጣለሁ። እስከዚያ ቦቲ ጫማ ግዢ፤ ያ ጭቃ ለስኒከር አይሆንም። እናትሽ በርበሬ ልካለች።

አባትሽ