ለልጄ፦ ምራቂውም ፎርጅድ ነበር

አቡሽዬ፣

ትናንት በዊቻት የላክኸውን ፎቶ አየሁት። ዘንዶ የተቀረጸበት የድሮ የቻይና የብር ሳንቲም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሰውየው 100 ዩዋን ያለህ። «እማ፣ የ1890ዎቹ ነው፣ ንጹህ ብር ነው፣ ልግዛልሽ?» ብለሃል። አትግዛ። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን አንተ በስልክ ሲነገርህ «እሺ እማ» ትልና ያሰብከውን ታደርጋለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። ረዘም ይላል፣ ሻይህን ይዘህ አንብበው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገር።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራህ። ለእህትህ እንኳን ነግሬያት አላውቅም።

ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ እየተመላለስኩ ጫማ በማመጣበት ጊዜ ነው፣ አንተ ገና አንደኛ ክፍል ሳለህ። አንድ ምሽት ከሆቴሉ ወጣ ስል እግረኛ መንገድ ላይ ጨርቅ አንጥፎ የተቀመጠ ሰው አገኘሁ። ጨርቁ ላይ የሌለ የድሮ ሳንቲም የለም፤ ዘንዶ አለ፣ ባለ ሪዙ ወፍራም ሰውዬ አለ፣ መርከብ አለ። እኔ ደግሞ መርካቶ የነገድኩ ሴት ነኝ፣ ማን ሊሸውደኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ቋንቋ የለንም፣ አንዲት ካልኩሌተር እየተቀባበልን ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ከጠራው ዋጋ ሩብ ላይ አደረስኩት። ሰባት ገዛሁ። ስነሳ እጄን ዘርግቼ «ምራቂስ?» አልኩት፣ በአማርኛ። ገባው! ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ጥቁር ያለች አወጣና ጨመረልኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ሻንጣ ሳልፈታ አያትህ ጋ ሄድኩ። አያትህ አንጥረኛ እንደነበሩ ታውቃለህ፣ ስንት ጠገራ ብር አቅልጠው ስንት የአንገት መስቀል እንደሠሩ እግዜር ይቁጠረው። ስምንቱን መስፉ ላይ ደረደርኩላቸው። መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም። አንዷን አነሱና ጣታቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው በጠገራ ጠርዝ ነካ አደረጓት። ጠቅ። ቀጥለው ጠገራዋን ጣታቸው ላይ አስቀመጡና ነካ አደረጓት። ዝንንንን ብላ ቆየች፣ እኔ እስክተነፍስ ድረስ አላቆመችም። ስምንቱንም እንዲሁ በየተራ አደረጉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ማግኔት ሲያወጡ ሦስቱ ዘለው ተለጠፉ፣ ምራቂዋም ጭምር። «ቆንጆ ብረት ነው» አሉኝና ቡና አስፈሉልኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንተን ፎርጅድ ነው ብዬ አትግዛ ያልኩህ ግን ፎቶውን አይቼ ብቻ አይደለም፣ ዋጋውን ሰምቼ ነው። እውነተኛው የዘንዶ ብር 27 ግራም ግድም ይመዝናል፣ ከመቶ ዘጠናው ብር ነው። ስለዚህ 24 ግራም ያህል ንጹህ ብር አለበት ማለት ነው። አሁን ስልክህን አንሳና የዛሬውን የብር ግራም ዋጋ አይተህ በ24 አባዛው። መጣልህ? ቻይናዊ ነጋዴ ብር ከብር ዋጋ በታች የሚሸጥልህ ምን ዕዳ ኖሮበት ነው? ታሪኩ ይቅር፣ አቅልጦ ቢሸጠው እንኳን ይሻለዋል።

ዘንዶዋ እንደሆነች ታሪኳ ያምራል፣ ለዚህ ነው ፎርጅዱም የበዛው። የተጀመረችው እዚያው እኔ በተሸወድኩበት ጓንዡ ነው። እስከዚያ ድረስ ቻይኖች ብርን የሚያውቁት በሚዛን ነበር። እንደ ጀልባ የተሠራ የብር ቁራጭ ነበራቸው፣ ሲፈልጉ እየቆረጡ በልያንግ ይመዝኑታል፤ አንድ ልያንግ 37 ግራም ገደማ ነው። ልክ አያትህ በወቄት እንደሚመዝኑት። ክብ ሆኖ ፊት ያለበት ብር ያመጡት ፈረንጆች ናቸው። መጀመሪያ ከስፔን ግዛቶች፣ ከፖቶሲና ከሜክሲኮ ተቆፍሮ በማኒላ በኩል የመጣው የስፔን ንጉሥ ብር፣ ቀጥሎ ንስር ያለበት የሜክሲኮ ብር። ቻይናዊው ነጋዴ ግን ንጉሥም ንስርም ዝም ብሎ አያምንም፤ መዝኖ ካረጋገጠ በኋላ የራሱን ትንሽ ማኅተም ይመታበታል። ሌላውም ይመታል። አንዳንዱ ብር በእጅ ብዛት ፊቱ ጠፍቶ ጉድጓድ ብቻ ሆኗል። እኔ እነዚያን ነው የምወዳቸው፣ ሰብሳቢዎች ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ተበላሸ ይላል፣ ሌላው ለዚያ ብሎ ይጨምርበታል።

በመጨረሻ የጓንዶንጉ ገዢ ዣንግ ዝዶንግ፣ የሰው አገር ብር አገራችንን ሞላው ብሎ ከእንግሊዝ በርሚንግሃም ማሽን አስመጣ። 1889 ላይ ሙከራ ተደረገ፣ በ1890 ዘንዶዋ ገበያ ወጣች። በእንግሊዝኛ ሳይቀር «ሰባት ሜስ ከሁለት ካንዳሪን» ተብሎ ተጽፎባታል። ያ ስም እንዳይመስልህ፣ ክብደቷ ነው። አሥር ሜስ አንድ ልያንግ፣ አሥር ካንዳሪን አንድ ሜስ። ከዚያ ሁቤይ፣ ቲያንጂን፣ ሲቹዋን፣ ዩናን ሁሉም የየራሱን ዘንዶ መምታት ጀመረ። በአጉሊ መነጽር ስታያት የእውነተኛዋ ዘንዶ ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያንተዋ ግን በስልክ ፎቶ እንኳን የሟሟ ሳሙና ትመስላለች። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹንም አይተሃቸዋል? አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ሰክረው የቆሙ ነው የሚመስሉት።

ስለዚህ ዘንዶን ተዋት። የምትገዛው ወፍራሙን ሰውዬ ነው። ዩዋን ሽካይ ይባላል፣ ቻይኖች ብሩን «ዩዋን ዳቶው» ይሉታል፣ ትልቅ ራሱ ዩዋን እንደማለት። ጄኔራል ነበር፣ ዘውዱ ሲወድቅ በ1912 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ አልበቃው ብሎ በ1915 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለ፣ ሦስት ወር ትንሽ እንዳለፈው ተወው፣ በ1916 ሰኔ ላይ ሞተ። ብሩ ግን አልሞተም። የመጀመሪያው የ1914 ነው፤ ከዚያ የ1919፣ የ1920 እና የ1921 አለ፣ ሰውዬው አፈር ከለበሰ በኋላ ማለት ነው። በ1950ዎቹ እንኳ ኮሚኒስቶቹ ቲቤት ውስጥ ሲከፍሉ በዚሁ ሰውዬ ፊት ነበር የሚከፍሉት፣ የወረቀቱን የሚቀበል ስላልነበረ።

ይሄ ነገር አያትህን ምን ያህል እንዳሳቃቸው! እኛስ? ጠገራ ብራችን ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች፣ ጠገራዋ ግን እስከ ዛሬ 1780 ተብሎ ይመታል። አጤ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያመጡ ገበሬው ሴትዮዋን አልለቅም አለ። ትከሻዋ ላይና ሻሿ ላይ ያለውን ነጠብጣብ እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። «ቻይናም ገበሬው እኛን ነው የሚመስል» አሉ አያትህ። ደግሞ እኛ ገንዘባችንን ብር ያልነው በማዕድኑ ነው፣ እነሱ ዩዋን ያሉት ክብ ስለሆነ ነው፤ ባንክን ግን ይንሃንግ ይሉታል፣ የብር ቤት። ይሄን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፣ ለትምህርት ነው የላክሁህ።

ዩዋን ዳቶውን ለምን ግዛ አልኩህ? በብዛት ስለተመታ የተለመደው ዓይነት እንደ ብርቅዬዎቹ አይወደድም፣ ብትሳሳት አትሞትም። ያረጀውን፣ ጥቁር ጥቁር ያለውን፣ ማንም የማይጓጓለትን ምረጥ። የ1914ቱ ከላይ ያለው ጽሑፍ ስድስት ፊደል ነው፣ ሌሎቹ ሰባት። የ1914ቱ ላይ እርስ በእርስ የተደረበ ሦስት መስመር ታያለህ፤ የሪፐብሊኩ ሦስተኛ ዓመት ማለት ነው፣ እነሱም እንደኛ የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው። ጽሑፉን ከቀኝ ወደ ግራ አንብበው።

ክብደቱ 26 ተኩል እና 27 ግራም መሃል ካልሆነ፣ ብዙ ካላለቀ በስተቀር፣ መልስ። በኪስ የምትያዝ ትንሽ ሚዛን ግዛ፣ እዚያ አገር ርካሽ ናት። ክብደት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ፎርጅድ ሠሪውም ሚዛን አለው፣ ወፈር አድርጎ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ብሩን በክር አስረህ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለው፣ ታች እንዳይነካ። ሚዛኑ 2.6 አካባቢ ካሳየ ብር ነው ብለህ ተስፋ አድርግ። ወደ 3 ከሄደ መዳብና ኒኬል ነው። ማግኔትም ያዝ፣ ብር አይሳብም። ያልተሳበ ሁሉ ግን ብር አይደለም፤ ከኔ ስምንት አምስቱ አልተሳቡም። ጠርዙንም አዙረህ እይ፣ ጥርስ ጥርሱ እኩል መሆን አለበት፣ ዙሪያውን የተበየደ የሚመስል መስመር ካየህ አልተመታም፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ፎርጅድ ነው።

ድምፁን ቻይኖች በሌላ መንገድ ነው የሚሰሙት። መሃሉን በሁለት ጥፍር ያዝ ያደርጉና ጠርዙን ኃይለኛ እፍ ብለው ወዲያው ጆሯቸው ላይ። እኔ ሞክሬ ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ምራቄን ብቻ ነው የረጨሁበት።

በሁለተኛው ጉዞዬ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ የገዛኋት አንዲት ዩዋን ዳቶው አለችኝ። ፊቴ መዘኑልኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ፣ አልተከራከርኩም። እውነተኛ ናት፣ አያትህ ራሳቸው መስክረዋል። እኔ ግን ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እንደ እናቴ መስቀል በሎሚና በአመድ ፈትጌ አጸዳኋት! መስታወት ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ኮርቼ ለሽማግሌው ላሳያቸው ወሰድኳት። አገላበጧት፣ ዝም አሉ፣ ካልኩሌተራቸውን ሳቡና የሸጡልኝን ዋጋ ጽፈው ለሁለት አካፈሉት። ያ ጥቁረት የመቶ ዓመት እድሜዋ ነበር፣ በአሥር ደቂቃ ገፈፍኩት። ስለዚህ አትንካው። በጨርቅም ቢሆን። ጠርዙን ብቻ ይዘህ አየውና መልሰህ አስቀምጠው።

አንድ ሳልነግርህ የማላልፈው፣ መኪና እንደምትወድ ስለማውቅ፦ በ1928 የጉይዡ ክፍለ ሀገር ገዢ የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ሲሠራለት የራሱን መኪና ብር ላይ አስቀረጸ። ከጎማው ሥር ያለው ሣር ውስጥ ስሙን ደብቆበታል ይባላል። እሱን በህልምህም አትገዛውም። በ1932 የወጣው፣ የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች የሱን ያት-ሴን ፊትና መርከብ ያለበት ብርም እንደዚሁ ነው፤ ከላይ ሦስት ወፎች፣ ከጎን የምትወጣ ፀሐይ ነበረው። ጃፓን ማንቹሪያን ይዛ ሻንጋይን በደበደበች ማግስት ስለሆነ ሰው ወፎቹን የጃፓን አውሮፕላን፣ ፀሐይቱን የጃፓን ፀሐይ አላቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት ወፎቹም ፀሐይዋም ተፋቁ። ማንም ሰው ወፍ ያለበትን በርካሽ ቢያሳይህ ፈገግ ብለህ እለፍ። የ1934ቱ መርከብ ደግሞ በ1949 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ተመትቷል፣ ዓመቱን ሳይቀይሩ።

ብትገዛም ይዘህልኝ ለመምጣት እንዳታስብ። የቻይና ሕግ የድሮ ዕቃ ዝም ብሎ እንዲወጣ አይፈቅድም፣ የቅርስ መሥሪያ ቤታቸው አይቶ መፍቀድ አለበት። በአንድ ሳንቲም ምክንያት ኤርፖርት ላይ ተይዞ የሚያድር ልጅ የለኝም። እዚያው አንተ ጋ ይቀመጥ፣ ኪስህ ውስጥ ሳይሆን መሳቢያህ ውስጥ፣ ማታ ማታ እያወጣህ በእጅህ ልመደው። ሌላ ለመግዛት ቢያንስ እስከ ፋሲካ ቆይ።

ስትገዛ የምፈልገው ሦስት ፎቶ ነው፤ የፊቱ፣ የጀርባውና የጠርዙ። ሚዛኑ ላይ ሆኖም አንሳው፣ ቁጥሩ እንዲታየኝ።

ደግሞ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የድምፅ ቅጂ ልኬልሃለሁ። በሄድፎን ስማው። መጀመሪያ የምትሰማው የኔ ዩዋን ዳቶው ነው፣ ቀጥሎ የአያትህ ጠገራ፣ ሦስተኛዋ ምራቂዋ ናት። መሃል ላይ የሚጮኸው የጎረቤት ውሻ ነው።

እናትህ