የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ፦ «ብሬክ» ስንት የአማርኛ ግስ ይፈልጋል?

የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል የክበቡ አባላት ዘንድሮ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለ45 ደቂቃ እየተገናኙ አንድ ቃል ሲመረምሩ ከረሙ፤ «ብሬክ»ን። ቃሉ የተመረጠው ሁሉም ተማሪ የሚያውቀው ስለሚመስለው ነው። ደወል ሲደወል «ብሬክ ነው» ይላል፤ ብርጭቆ ሲወድቅ «ብሮክን» ይላል፤ መዝገበ ቃላቱም ገና በመጀመሪያው መስመር «ሰበረ» ብሎ ይፈታለታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። «ብሬክ»ን በ«ሰበረ» ብቻ የያዘ ተማሪ ቃሉን ከገመድ፣ ከጾም፣ ከጎህና ከመቶ ብር ጋር ሲያገኘው ግራ ይገባዋል።

በዚህ ነገር አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይበልጥ መራጭ ነው። ግሱን የሚወስነው የተጎዳው ዕቃ ጠባይ ነው። ደረቅ ነገር ይሰበራል፤ ክርና ገመድ ይበጠሳል፤ ጨርቅና ወረቀት ይቀደዳል፤ የሲኒ ከንፈር ይሸረፋል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ግንብ ይፈርሳል፤ ሞተር ይበላሻል። እንግሊዝኛ እርሳሱንም፣ ገመዱንም፣ ሞተሩንም በ«ብሬክ» ያጠቃልላል። ጨርቅና ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ፤ እዚያ «ብሬክ» አይገባም፣ «ቴር» ነው የሚባለው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ዋና ሥራ አንድ ሠንጠረዥ ነበር። ወደ ታች 10 ዕቃዎች ተጻፉ፦ ሲኒ፣ መስታወት፣ ገመድ፣ እርሳስ፣ ወረቀት፣ ነጠላ፣ አጥንት፣ እንቁላል፣ ዳቦና የእጅ ስልክ። ወደ ጎን 6 ግሶች፦ ብሬክ፣ ክራክ፣ ስናፕ፣ ስማሽ፣ ቺፕ እና ቴር። በዚህ 60 ሳጥን ይወጣል። በእያንዳንዱ ሳጥን ከሦስት ምልክቶች አንዱ ይገባል፦ «ይባላል»፣ «ይባላል፣ ግን ትርጉሙ ይለያል»፣ «አይባልም»። ብዙ ያስተማረው የመሐለኛው ምልክት ነው። ሲኒ «ክራክ» ካደረገ ተሰንጥቋል፣ ግን ገና አንድ ላይ ነው፤ «ብሬክ» ካደረገ ተለያይቷል፤ «ቺፕ» ካደረገ ከጠርዙ ተሸርፏል፣ ቡና ግን ይቀዳበታል። «ስናፕ» ድንገተኛ ነው፤ ድምፅም አለው፤ ቀጭን ወይም የተወጠረ ነገር ይፈልጋል፦ ደረቅ ጭራሮ፣ እርሳስ፣ የተወጠረ ክር። «ስማሽ» ኃይል አለበት፤ የእኛ «ሰባበረ» ይቀርበዋል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ተገኘ። እንግሊዝኛ አዲስ ቃል የሚያመጣበትን ቦታ አማርኛ ብዙ ጊዜ ያንኑ ሥር በመደጋገም ይሞላዋል፤ ሰበረ፣ ሰባበረ፣ ስብርብር አደረገ።

የእጅ ስልክ መስመር ከሁሉ በላይ አከራከረ። በአማርኛ «ስልኬ ተሰበረ» ሲባል የሚታሰበው መስታወቱ ነው። በእንግሊዝኛ «ማይ ፎን ኢዝ ብሮክን» ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «አልሠራም አለኝ» ማለቱ ነው፤ መስታወቱ ደህና ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ መስታወት ለመንገር «ዘ ስክሪን ኢዝ ክራክድ» ይባላል።

ግሶቹን ለማጥናት የተዘጋጁት ካርዶች መጀመሪያ ላይ የተሠሩት በስህተት ነበር። አንድ ትልቅ ወረቀት ለ8 ተቆርጦ በፊት ለፊቱ የእንግሊዝኛው ግስ፣ በጀርባው የአማርኛው ፍቺ ተጻፈ። ተማሪዎቹ በሁለት ሳምንት ሸመደዱት፤ ዓረፍተ ነገር ሲሰጣቸው ግን ተሳሳቱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካርዱ ግሱን ለብቻው ነጥሎታል፣ ግስ ደግሞ ያለ ዕቃው ትርጉሙ አይጨበጥም። በሁለተኛው ዙር ፊት ለፊቱ ላይ ክፍት ቦታ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ጀርባው ላይ የአማርኛው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ገባ። ከአንድ በላይ መልስ ሲኖር፣ ለምሳሌ ገመድ ላይ «ብሮክ»ም «ስናፕድ»ም ሲያስኬዱ፣ ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ልዩነቱ በአንድ መስመር ይብራራል። ትምህርት ክፍሎች ካርድ ሲያዘጋጁ ከዚህ ቢጀምሩ ጊዜ ያተርፋሉ።

ሰዋስው ላይ ደጋግሞ የመጣው ስህተት «ተሰበረ» ነው። ተማሪው «ተ»ን ሲያይ ተገብሮ መስሎት «ዘ ካፕ ዋዝ ብሮክን» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ስህተት የለበትም፤ ግን ወይ ሰባሪ አለ ያሰኛል፣ ወይ ሲኒው ቀድሞም የተሰበረ ነበር ያሰኛል። ከረከቦት ወድቆ ለተሰበረ ሲኒ «ዘ ካፕ ብሮክ» ይበቃል። «ብሮክ» ሰውን ሲገልጽ ደግሞ ኪሱ ባዶ ነው ማለት ነው። «አይ አም ብሮክ» ያለ ሰው ወጌሻ አያስፈልገውም።

ከቃሉ ዘሮች ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው «ብሬክፈስት» ነው፤ የሚገባውም ነበር። አንዳንዶች ሁለተኛውን ክፍል «ፈጣን» ብለው ስለሚያነቡት ትርጉሙ ይጠፋባቸዋል፤ እዚህ «ፋስት» ጾም ነው። የሌሊቱ ጾም የሚቋረጥበት ምግብ ማለት ነው። ሲነበብም የ«ብሬክ» ድምፅ አጥሮ ወደ «ብረክ» ይጠጋል። የእኛ «ቁርስ» የመጣው ደግሞ ከ«ቆረሰ» ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የጠዋቱን ምግብ የሰየሙት ከ«መስበር» ወገን በሆነ ግስ ነው፤ እንግሊዝኛው ጾሙን፣ አማርኛው ዳቦውን። የ«ቡና ቁርስ»ን «ኮፊ ብሬክፈስት» ብሎ መተርጎም የማያስኬደውም ለዚህ ነው። ከአቦሉ ጋር የሚቀርበው ቆሎ ወይም ዳቦ ከሰዓት በኋላም ቁርስ ነው፤ ጾምን ከማቋረጥ ጋር ነገር የለውም። «ኮፊ ብሬክ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ሥራ ቆም ተደርጎ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ እንጂ የሚበላ ነገር አይደለም።

ጾም ላይ የክበቡ አባላት ከየቤታቸው ያመጡት ቃል ብዙ ነበር፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱንም ወገን ጠረጴዛ ዙሪያ ማግኘት አይቸግርም። ሙስሊሙ ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራል። ክርስቲያኑ በፋሲካ ጾም ይፈታል። ያለ ጊዜው የበላ ጾሙን ገደፈ ወይም አፈረሰ ይባላል። እንግሊዝኛ ለነዚህ ሁሉ «ብሬክ ዘ ፋስት» ሊል ይችላል፤ በወጉ የተፈታውንና የፈረሰውን የሚለየው ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ተርጓሚው መጀመሪያ ሰዓቱን ማወቅ አለበት።

ፊደላችን ራሱ የሚሸፍነው ወጥመድም አለ። «ብሬክ» ተብሎ የሚጻፈው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መስበሩ ቢ-አር-ኢ-ኤ-ኬ፣ የመኪናው ቢ-አር-ኤ-ኬ-ኢ ተብሎ ይጻፋል፤ ድምፃቸው ግን አንድ ነው። የመኪናውን እኛ ከጣሊያንኛ ወስደን «ፍሬን» እንለዋለን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርድ ስለተበላሸ መኪና ድርሰት ሲጻፍ «ፍሬን በጠሰ» የሚለው እንዳለ ተገልብጦ «ስናፕድ ዘ ብሬክ» ሆኖ መጣ። እንግሊዝኛው «ዘ ብሬክስ ፌይልድ» ነው የሚለው፤ ፍሬኑ እምቢ አለ እንደማለት።

ጎህ በአማርኛ «ቀደደ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ዶውን ብሬክስ» እንጂ «ቴር» አይሆንም። ዜናም በዚሁ መንገድ «ብሬክ» ያደርጋል፦ ድንገት ይወጣል። «ሰበር ዜና» የዚህ ቃል በቃል ትርጉም ስለሆነ ነው ለጆሮ እንግዳ የሆነው። ሰውን ቀርቦ «ብሬክ ዘ ኒውስ» ማድረግ ደግሞ ከ«አረዳ» ይሰፋል፤ መርዶ ለሞት ብቻ ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ለበሽታም ለፈተና ውጤትም ይሆናል።

ክብረ ወሰን በሁለቱም ቋንቋ ይሰበራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲገባ የሰበረው በ2007 እዚያው ያስመዘገበውን የራሱን 2:04:26 ነው። ሰው ግን ሲሸነፍ «ቢት» ይደረጋል፤ ተወዳዳሪን «ብሬክ» ማድረግ መንፈሱን ማድቀቅ ይሆናል።

ስለ እረፍት ብዙ አልተሠራም። «ሬስት» የደከመ አካልን ማሳረፍ ነው፤ «ብሬክ» ሥራን ማቋረጥ ነው፤ በ«ብሬክ» ኳስ ሲጫወት የዋለ ተማሪ «ሬስት» አላደረገም። የባቲ ገበያ ላይ «መቶ ብር ዘርዝርልኝ» ለማለትም «ብሬክ» ይሠራል፤ «ቼንጅ» ግን የተለመደ ነው።

ሠንጠረዡና የተስተካከሉት ካርዶች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በክበቡ ሳጥን ተቀምጠዋል። ለመጪው ዓመት የተመረጠው ቃል «ድሮው» ነው፤ ውኃ ሲሆን ቀዳ፣ ሥዕል ሲሆን ሳለ፣ ዕጣ ሲሆን አወጣ፣ መጋረጃ ሲሆን ሳበ፣ ጨዋታ ሲሆን አቻ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ 8 ካርዶች ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጽፎባቸው ተዘጋጅተዋል።