የባሕር ፈረስ አባት እርግዝናው የእውነት ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት በአስገራሚ ወሬዎች ዓምዳችሁ ፈረስ የሚመስል ጭንቅላት ስላለው ትንሽ ዓሣ፣ ስለ ባሕር ፈረስ፣ የወጣውን ልጄ ቆርጦ ደብተሩ ላይ ለጥፎታል። «ወንዱ እንቁላል ይጥላል፣ ሲያረግዝም ጾታው ይቀየራል» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ እርግዝና የተሳሳተ ነገር ሲጻፍ፣ የዓሣም ቢሆን፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እንቁላሉ የሴቷ ነው። ወንዱ ከሆዱ በታች፣ ጅራቱ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ከረጢት አለው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተጠጋግተው ሲንሳፈፉ፣ ሴቷ እንቁላሎቿን እዚያ ውስጥ ትጨምርለታለች። በዘሩ የሚያጸንሳቸው እሱ ነው። ወንድነቱ የትም አልሄደም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ መስመር አለፋችሁት። ለእኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ከረጢቱ እንደ ዘንቢል መያዣ ብቻ አይደለም። እንቁላሎቹ ግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ፤ ሥጋው ዙሪያቸውን ያቅፋቸዋል። በቀጫጭን የደም ሥሮች በኩል ኦክስጅን ይደርሳቸዋል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ መጀመሪያ ጨዉ ዝቅተኛ ነው። እየዋለ ሲያድር ወደ ባሕሩ ውሃ ይጠጋል። ስለዚህ ሲወለዱ ባሕሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ እንግዴ ልጅ ነው። በአውስትራሊያው ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ካሚላ ዊቲንግተንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በከረጢቱ ውስጥ ከሚሠሩት ዘረ መሎች አንዳንዶቹ በሌሎች እንስሳት እርግዝና ላይ ከሚሠሩት ጋር እንደሚመሳሰሉ አሳይተዋል። ያው የእናት ሥራ ማለት ነው፣ በአባት ሰውነት ውስጥ።

እናትየዋም ጥላው አትጠፋም። በሲድኒ አካባቢ ባለው ዝርያ ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚለው፣ ጠዋት ጠዋት እሱ ወዳለበት ትመጣለች። ቀለማቸው ፈካ ይላል። አንድ የባሕር ሣር በጅራታቸው ይዘው አብረው ይዞራሉ። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። እርጉዝን መጠየቅ በእኛም ያለ ነው፤ እዚህ ላይ ሳነብ ልቤ ተነካ።

እርግዝናው እንደ ዝርያውና እንደ ውሃው ሙቀት ከ10 ቀን እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ምጡን በሌሊት ተረኝነት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር በስልክ ቪዲዮ አይተነዋል። ጅራቱን ሣሩ ላይ ጠምጥሞ ይይዛል። ሰውነቱን ወደፊት ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ያጥፋል። የከረጢቱ አፍ ይከፈትና ልጆቹ ፈንጠር እያሉ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ሦስት አራት፣ አንድ ጊዜ ደመና መስለው። መሃል ላይ ያርፋል። «በርታ፣ ትንሽ ቀረህ» አለች አንዷ፣ ከልቧ። አጠገቤ ምጥ የያዛት እናት የተኛች ያህል ነበር የተሰማኝ። የተወለዱት ደቃቅ ናቸው፤ ግን አፋቸውም፣ የተጠቀለለው ጅራታቸውም ሙሉ ነው። እንደ ዝርያው ከጥቂቶች እስከ ሺህ ከዚያም በላይ ይሆናሉ። ከወለደ በኋላ አባትየው አያሳድጋቸውም። የሚተርፉትም ጥቂት ናቸው።

ሌላም እርማት አለኝ። በቻይና ባሕር ብቻ እንደሚገኝ ጽፋችኋል። ቀይ ባሕር ውስጥም አለ። ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ የመዘገበው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ከቀይ ባሕር አንድ የባሕር ፈረስ ዝርያም እ.ኤ.አ. በ1838 መዝግቧል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በአንድ የቁልፍ መያዣ ምክንያት ነው። ዘመድ ከውጭ አገር ያመጣልኝ ነው፤ ፕላስቲክ ውስጥ የደረቀ የባሕር ፈረስ አለበት። ወደ ብርሃን አድርጌ ሳየው ከሆዱ በታች የተሸበሸበ ከረጢት አየሁ። ወንድ ነበር። እንዲህ እየደረቁ ለጌጥና ለቻይና ባሕላዊ መድኃኒት በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብ የሚያዙ ናቸው። ያረገዘ ወንድ ሲያዝ ልጆቹም አብረውት ያልቃሉ። ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት የባሕር ፈረስን ንግድ መቆጣጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያም ሆኖ ንግዱ አልቆመም።

እርማቱን በዚያው ዓምድ ላይ አውጡልን። ልጄ ቆርጦ ከድሮው አጠገብ እንዲለጥፈው፣ ቦታውን ባዶ ትቼለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ