የሥዕል መጻሕፍት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ሥራ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ትንንሾቹን በዚያ ብርድ ማስቀመጥ አላስቻለንም። ፕሮግራሙን ወደ አርብ ከሰዓት አዞርነው። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል መርጠን አጎዛ አነጠፍን። የአራተኛ ክፍል አባሎቻችን ለኦ ክፍልና ለአንደኛ ክፍል ልጆች ያነባሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ።

መጀመሪያ ላይ ያስተማርንበት መንገድ ልክ አልነበረም። እኛ መምህራኑ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ያደግን ነን፤ ተረት ምክር እንዳለው እናውቃለን። እኔም ምክሩን ለማድረስ ቸኮልኩ። መጽሐፉ ሲያልቅ "ምን ተማራችሁ?" እላለሁ። ልጆቹም በአንድ ድምፅ "መዋሸት ጥሩ አይደለም!" ይላሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን እርሳስ የወሰደው "እኔ አልወሰድኩም" ይላል።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ጥያቄውን ተውነው። ጽሑፉን ከማንበባችን በፊት ሥዕሉን ገልጠን "ይሄ ሰው ፊቱ ምን ይላል?" ብለን ዝም እንላለን። ዝም ማለቱ ነው የከበደን። አንባቢዎቹ መልሱን ሊነግሯቸው ይቸኩላሉ፤ እኔም እንደዚያው።

አባሎቻችን በካርቶን ላይ ራሳቸው የሣሉት አንድ መጽሐፍ አለ። እረኛው ልጅ ጨዋታ ይዞት በጎቹ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ይገባሉ። ሲጠየቅ "አላየሁም" ይላል። አንድ ቀን ይህ ገጽ ተገልጦ ሁላችንም ዝም አልን። ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን ሰምተን የማናውቃት የኦ ክፍል ልጅ ተነሥታ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አደረገች። እረኛው ላይ አይደለም፤ ጥግ ላይ የቆሙት አሮጊት ላይ። "እማማ በሶ የላቸውም" አለች። ገብሱ ከተበላ በሶ ከየት ይመጣል? አጠገቧ ያለው ልጅ "ቶሎ ይንገራቸውና በጎቹን ያስወጣ!" ብሎ ጮኸ። ውሸት የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። ልጅ የተጎዳውን ሰው ካየ፣ እውነቱን መናገር ለምን እንደሚያስፈልግ ራሱ ይደርስበታል።

ሁሉም ልጅ ተለወጠ ማለቴ አይደለም። ግን በሚያዝያ አንድ ልጅ ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ "ቲቸር፣ የሷን እርሳስ የሰበርኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

ሌላው ደንባችን መጽሐፍ በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል ነው። ያወጣነው ገጾቹ እንዳይቀደዱ ብለን ነበር። አንዲት እናት ግን ልጃቸው ቤት ውስጥ ቆሎም በሁለት እጁ መቀበል እንደጀመረ ነገሩን። አያቱ በጣም ተደስተዋል አሉ።

አባሎቻችን ለመስከረም ሁለት መጻሕፍት ጀምረዋል። አንዱ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ "ኖር" ስለማለት ነው። ሌላው የገብሱ ታሪክ ቀጣይ ነው፤ "እማማ ከዚያስ?" እያለች ያስጀመረችን ያችው የኦ ክፍል ልጅ ናት። ወላጆች፣ ወፍራም ካርቶን እቤት ካላችሁ አትጣሉት፤ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን።